የጡት ካንሰር የምርመራ ወረቀት፦ ንባቡና ትርጓሜው

የቀዶ ጥገናው ሐኪም እጁን ታጥቦ ከወጣ፣ በሽተኛዪቱም ከሰመመን ነቅታ ወደ አልጋዋ ከተመለሰች በኋላ፣ በደጅ ሲጠብቅ የዋለው ዘመድ ሁሉ «እሰይ፣ ተመስገን፣ ወጣላት» እየተባባለ ሲጽናና፣ ስለ ሕማሙ እውነተኛውን ነገር ሊያስረዳ የሚችለው ያ ከደረቷ የተለየው ሥጋ ግን ጕዞውን ገና መጀመሩ ነው። ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁም ዳስሶ ስለ ዕጢው ብዙ ነገር ይገምታል፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት በመርፌ የተወሰደው ጥቂት ናሙናም ካንሰር መሆኑን አስቀድሞ አስታውቆ ይሆናል። ነገር ግን ዕጢው በእርግጥ ምን ያህል እንደ ነበረ፣ ከተቈረጠበት ዳርቻ ወዲያ የተረፈ ይኑር አይኑር፣ ወደ ብብት ንፍፊቶች ተሻግሮ እንደ ሆነ፣ ለየትኛውስ መድኃኒት እንደሚበገር ለይቶ የሚናገረው የፓቶሎጂ ሐኪሙ ነው፤ በሽተኛዪቱ ግን ይህን ሰው በዘመኗ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታየው፣ በእርሱ ቃል መሠረት ለዓመታት መድኃኒት ትውጣለች፣ ወይም ሳትውጥ ትቀራለች።

በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እንደሚያሳየውም በከተማዪቱ ሴቶች ላይ ከሚገኘው ነቀርሳ ሲሶ ያህሉ የጡት ነው። ስለዚህ ያ ወረቀት ከብዙ ሴቶች እጅ ይገባል፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በአሕጽሮተ ቃል ተሞልቶ፣ ታጥፎ በፖስታ ገብቶ፣ ከካርድ ክፍል ወደ ተመላላሽ ክፍል፣ ከዚያም በሪፈር ወደ ሌላ ሆስፒታል ይዞራል። የሚይዙት ሰዎች ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ሲፈሩት አይቻለሁ። ወረቀቱ ግን በሰው እጅና በሰው ዓይን፣ በብዙ ትንንሽ ሥራዎች ተራ በተራ የተሠራ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት እንደ መሆኑም ሊጠየቅ፣ ሊሟላ፣ አንዳንድ ጊዜም ሊታረም ይችላል፤ የእውነተኛነቱም መሠረት የሚጣለው ማይክሮስኮፑ ዘንድ ከመድረሱ አስቀድሞ፣ ሥጋው በገባበት ዕቃ ውስጥ ነው።

በአዲስ አበባ ከአንድ የምርመራ ቤት የናሙና መቀበያ መስኮት ፊት አንድ ጠዋት ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ጐልማሳ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ደግፎ መጣ። የእኅቱ ጡት ነበር። ከፌስታሉ ያወጣው የፕላስቲክ ዕቃ አፉ የጠበበ፣ ሥጋው ከግድግዳው ጋራ ተጣብቆ የሞላበት፣ ፈሳሹም ከላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ የነበረ ሲሆን፣ በተለጠፈው ፕላስተር ላይ በእስክርቢቶ የተጻፈው ስም በፈሰሰው ፎርማሊን ርሶ የአባቷ ስም ብቻ ይነበብ ነበር።

«ወንድሜ፣ መቼ ነው የወጣው?» አለችው ተቀባይዋ።

«ትናንት፣ ከምሳ በኋላ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«እሱን እንኳ አልነገሩኝም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠርተው ይህን ውሰድ አሉኝ፤ እዚህ ስደርስ ተዘግቷል፤ ቤት አሳድሬው መጣሁ።»

«ፍሪጅ ውስጥ?»

«ኧረ አይደለም! ከአልጋዬ ሥር ነው ያሳደርኩት፣ ልጆቹ እንዳይነኩብኝ።»

ተቀባይዋ አልተቈጣችም። ስሙን ከማዘዣው ወረቀት ጋራ አስተያይታ አዲስ ጽሑፍ ለጠፈችበት፤ ሥጋውንም አፈ ሰፊ ወደ ሆነ ዕቃ አዛውራ ፎርማሊን እስኪውጠው ድረስ ሞላችበት፤ ከዚያም «የወጣበት ሰዓት አልታወቀም» ብላ በመዝገቡ ጻፈች። ያቺ አጭር ዐረፍተ ነገር ለማያውቃት የጽሕፈት ቤት ልማድ ትመስላለች፤ ለሚያውቃት ግን ከወረቀቱ ቃል ሁሉ ይልቅ ከባድ ናት።

ሥጋ ከሰውነት ከተለየበት ቅጽበት ጀምሮ ደም አይደርሰውምና በውስጡ ያሉት ሕዋሳት መፍረስ ይጀምራሉ፤ ይህን መፍረስ የሚያቆመው ፎርማሊን ነው። ለጡት ካንሰር የተሠራው የሕክምና ሥርዐት ሥጋው በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን እንዲገባ፣ በውስጡም ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓትም ያልበለጠ ጊዜ እንዲቆይ ያዝዛል። ፈሳሹ በመጠን የሥጋውን እስከ ዐሥር እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ወደ ውስጥ የሚሰርገው ግን እጅግ በዝግታ፣ በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ሙሉ ጡት ሳይሰነጠቅ በጠባብ ዕቃ ተጨናንቆ ያደረ እንደ ሆነ፣ ውጪው ሲጠበቅ መካከሉ፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ዕጢው ያለበት ስፍራ፣ ሲበላሽ ያድራል። እንዲህ ያለው ሥጋ ካንሰር መሆኑ በማይክሮስኮፕ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ስስ የሆነው ምልክት፣ በተለይም የሆርሞን ተቀባዩ ነው። ምልክቱ ከጠፋ ወረቀቱ «የለም» ይላል፤ «የለም» ከተባለም ሴቲቱ በየቀኑ ልትወስደው የሚገባትን፣ ዋጋውም ከሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች ጋራ ሲነጻጸር ርካሽ የሆነውን ክኒን ሳታገኝ ትቀራለች። የአንድ ሌሊት ጥፋት የአምስት ዓመት መድኃኒት ያስቀራል ማለት ነው።

ይህን ሸክም በዘመድ ትከሻ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም ባይ ነኝ፤ ወንድም ያለበት ወግ ማስታመም ነው፣ የላብራቶሪ ተላላኪነት አይደለም። ሆኖም ልማዱ እስኪቀር ድረስ ሥጋውን የሚቀበል ሰው ሦስት ነገር ጠይቆ ቢቀበል ብዙ ያተርፋል፤ የወጣበት ሰዓት በማዘዣው ላይ ይጻፍልኝ፣ ፈሳሹ ሥጋውን በሙሉ ይሸፍነው፣ ዛሬውኑ የሚቀበለኝ ማን ነው? ብሎ።

በምርመራ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ ያውቀዋል። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ሥጋውን ለክቶ መዝኖ፣ ዙሪያውን ቀለም ይቀባዋል፤ በላይ አንድ ቀለም፣ ወደ ደረት ጡንቻ በነበረው በኩል ሌላ ቀለም። የቀዶ ጥገናው ሐኪም በክር ምልክት አድርጎበት እንደ ሆነ የትኛው ወደ ብብት፣ የትኛው ወደ ላይ እንደ ነበረ ይታወቃል። ቀጥሎም እንደ ድፎ ዳቦ ከዳር እስከ ዳር ይሸነሽነዋል፤ ነጣ ያለ፣ ጠንካራ፣ ከቢላዋው ሥር አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር ካገኘ ሚሊ ሜትሩን ለክቶ ይጽፋል። ከብብቱ ስብ ውስጥም ንፍፊቶቹን በጣቱ እየዳሰሰ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነውና፣ ከአንዲቱ ሴት 8፣ ከሌላዪቱ 20 ንፍፊት ተገኘ ቢባል ልዩነቱ የሰውነቷ ብቻ ሳይሆን የፈላጊው ጣትም ነው።

የተመረጡት ቍራጮች በአልኮል ውኃቸው ተመጦ፣ በፓራፊን ሰም ተሞልተው ጠጣር ብሎክ ይሆናሉ፤ ብሎኩም በማይክሮቶም ከ3 እስከ 5 ማይክሮን በሚደርስ ውፍረት ይቈረጣል፤ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በመስተዋት ላይ ያረፈው ይህ ስስ ነገር ቀለም የለሽ ስለ ሆነ በሁለት ቀለም ይነከራል፤ ኢዮሲን ሮዝ ያደርገዋል፣ ሄማቶክሲሊን ደግሞ የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ ያደርጋል። ይህ ሄማቶክሲሊን በሜክሲኮ ከካምፔቼ አገር ስሙን ካገኘ ዛፍ ግንድ የሚገኝ ነው። የጀርመኑ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርሖ እ.ኤ.አ. በ1858 የሕማም ሥር በሕዋስ ውስጥ መፈለግ እንዳለበት ካስተማረ ወዲህ ጥበቡ እስከ ዘር ቅንጣት ምርመራ ደርሷል፤ ያም ሆኖ እስከ ዛሬ የካንሰሩ የመጀመሪያ ምስክርነት የሚሰጠው በዛፍ ቀለም ነው፤ ይህ ነገር ባሰብሁት ቍጥር ያስደንቀኛል።

ወረቀቱ ተጽፎ ሲወጣ አስቀድሞ የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ ዘመድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የጡት ካንሰር መርሐ ግብር አንዲት ሴት ወደ ጤና ተቋም ከመጣችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ የሕማሟ ምንነት ተለይቶ እንዲታወቅ ይመክራል፤ በእኛ ዘንድ ግን ከወረቀቱ መዘግየት በላይ የሚያዘገየው አንዳንድ ጊዜ መደበቁ ነው። መርዶ በሌሊት፣ በሽማግሌ፣ በወግ የሚነገርበት አገር ሰዎች ነንና፣ ልጅ ወይም ባል ወደ ሐኪሙ ቀርቦ «ዶክተር፣ እባክዎ ለእርሷ አይነገራት፣ ልቧ አይችለውም» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ሐሳቡ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልክድም። ግን ኬሞ እየተሰጣት፣ ጠጕሯ እየረገፈ፣ «የደም ማነስ ነው» የተባለች ሴት ታውቃለች፤ የምታጣው እውቀቱን አይደለም፤ የመጠየቅ መብቷን ነው።

ስለዚህ ከደብረ ብርሃን አካባቢ የመጡ አንዲት የአርባ ስድስት ዓመት እናት በሐኪማቸው ፊት ተቀምጠው፣ ወረቀቱን ለልጃቸው ሊያቀብል የነበረውን ሐኪም «ዶክተር፣ የተቈረጥሁት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ያንብቡልኝ» ሲሉ ስሰማ ደስ አለኝ። ሐኪሙም ወንበሩን ወደ እርሳቸው ስቦ፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ መስመር በመስመር አነበበላቸው፤ እንደ መጽሐፍ ቤት ሥርዐት አስቀድሞ ንባቡን፣ ቀጥሎ ትርጓሜውን።

በመጀመሪያው መስመር የካንሰሩ ዓይነት ተጽፏል፤ ኢንቬሲቭ ዳክታል ካርሲኖማ። ይህ ከሁሉ የሚበዛው ዓይነት ሲሆን፣ በወተት ቧንቧ ተነሥቶ የቧንቧውን ግድግዳ ጥሶ የወጣ ማለት ነው፤ ግድግዳውን ሳይጥስ በውስጡ ተወስኖ የቀረው ሌላ ስም፣ ሌላም ተስፋ አለው። ሎቡላር የሚባል ሦስተኛም አለ፤ ሕዋሳቱ ተራ ገብተው አንድ በአንድ ስለሚሰርጉ በእጅ ሲዳሰስ ከእውነተኛ መጠኑ አንሶ ይገኛል።

መጠኑ 3.2 ሳንቲ ሜትር ነበር። እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያለው አንደኛ፣ ከ2 እስከ 5 ሁለተኛ፣ ከ5 የበለጠው ሦስተኛ ይባላል፤ ቆዳን ወይም የደረትን ግድግዳ የነካው ደግሞ መጠኑ ምንም ቢሆን አራተኛ ነው። በአልትራሳውንድ ከታየው ጋራ ባይስማማ የሚታመነው በዚህ ወረቀት የተጻፈው ልክ ነው።

ግሬድ የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ ልጅቱ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ከሦስቱ ክፍሎች በአንዱ ላይ 3 የሚል አይታ ነበርና። ሐኪሙ ወዲያው ገባው።

«ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል ማለት መስሎሻል?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«አይደለም። ደረጃ የሚባለው ምን ያህል ርቆ እንደ ሄደ ነው። ይህ ግን ጠባዩን ነው የሚናገረው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የፓቶሎጂ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ሦስት ነገር ይመረምራል፦ ሕዋሳቱ እንደ ጤነኛ ጡት ቧንቧ የመሥራት ልማዳቸውን ምን ያህል ጠብቀዋል፣ አስኳላቸው ምን ያህል ተበላሽቷል፣ በመከፋፈል ላይ ያሉትስ ስንት ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ3 እስከ 5 ቢሆን ግሬድ አንድ፣ 6 ወይም 7 ቢሆን ሁለት፣ 8 ወይም 9 ቢሆን ሦስት ይባላል። ይህን ሥርዐት ብሉምና ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1957 አቃንተውት፣ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ኤልስተንና ኤሊስ በ1991 አጥርተው አሳትመውታል። የእኒህ እናት ዕጢ ለቧንቧው 3፣ ለአስኳሉ 2፣ ለመከፋፈሉ 1 አግኝቶ ድምሩ 6፣ ግሬዱም ሁለት ነበር። ግሬድ ሦስት የሆነ ትንሽ ዕጢ በጊዜው ሊገኝ፣ ግሬድ አንድ የሆነ ደግሞ ለዓመታት ተረስቶ ሩቅ ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰው በማይገባው ቦታ ያለቅሳል፣ ወይም በማይገባው ቦታ ይዝናናል።

የዳርቻው ነገር በአጭሩ የሚነገር ነው። ያ የተቀባው ቀለም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ካንሰሩን ካልነካው ዳርቻው ንጹሕ ነው፤ ጥሶ የወጣ ካንሰር ሲሆን ከዚህ የበለጠ ስፋት አይፈለግም። በቧንቧ ውስጥ ለተወሰነው ዓይነት፣ ጡቱ በከፊል ብቻ ሲወጣ፣ 2 ሚሊ ሜትር ይፈለጋል። የእርሳቸው ቅርቡ ዳርቻ በ4 ሚሊ ሜትር ይርቃል።

ከብብት 14 ንፍፊቶች ተለቅመው በሁለቱ ካንሰር ተገኝቷል። እናቲቱ ዐሥራ አራት የሚለውን ሲሰሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ሐኪሙም ዐሥራ አራቱ የተፈለጉት፣ ሁለቱ የተነኩት መሆናቸውን ደጋግሞ አስረዳቸው። ከ1 እስከ 3 ሲነካ አንድ ወገን፣ ከ4 እስከ 9 ሌላ ወገን፣ 10ና ከዚያ በላይ ሦስተኛ ወገን ነው። «በትንንሽ የደምና የሊምፍ መተላለፊያዎች ውስጥ ታይቷል» የሚለው ቀጣዩ መስመር ወደ ሌላ አካል ደርሷል ማለት እንዳልሆነ ጨመረላቸው፤ መንገዱን መጀመሩን ያመለክታል፣ መድረሱን አይመሰክርም።

ከሁሉ የሚበልጠው መስመር ከታች ነበር፤ ብዙ ጊዜም ተለይቶ፣ ዘግይቶ፣ በሌላ ወረቀት ይመጣል፤ ምርመራው በመንግሥት ሆስፒታሎች ሁልጊዜ ስለማይገኝ በግል ምርመራ ቤት በራስ ገንዘብ የሚያሠሩ ብዙዎች ናቸው። ይህ የሆርሞን ተቀባዮችና የኸር-ቱ ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 ጆርጅ ቢትሰን የሚባል የግላስጎው ሐኪም የእንቍላል ዕጢያቸው የወጣላቸው ሴቶች የጡት ካንሰራቸው ሲከስም አይቶ ጻፈ፤ ምክንያቱ ግን የተገለጠው ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ ኤስትሮጅንን የሚቀበል ነገር መኖሩ ሲታወቅ ነው። ታሞክሲፌን የሚባለው ክኒን ይህን ተቀባይ ቀድሞ ይይዝበታል። ከሕዋሳቱ ከመቶ 1 እንኳ ተቀባዩ ካለባቸው ምርመራው «አለ» ይባላል፤ የእኒህ እናት 90 ከመቶ ነበር። በኢትዮጵያውያን በሽተኞች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ምርምር ከሦስት ዕጢ ሁለት ያህሉ ተቀባይ እንዳለው አሳይቷል፤ ይህም የአፍሪካ ሴቶች ካንሰር ሁሉ ለክኒን የማይበገር ነው የሚለውን ወሬ ያፈረሰ ነው።

የካንሰሩን ሕዋስ እንዲከፋፈል የሚገፋፋው ኸር-ቱ የተባለው ፕሮቲን ደግሞ 0 ወይም 1 ሲሆን የለም፣ 3 ሲሆን አለ ይባላል። 2 ሲሆን ግን ወረቀቱ ገና አላለቀም፤ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ዘር የሚቈጥር ፊሽ የተባለ ሌላ ምርመራ ይቀረዋል። «አለ» ለተባለላቸው ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትራስቱዙማብ የተባለ መርፌ ተገኝቷልና፣ በ2 ላይ ያለ ወረቀትን እንዳለቀ ቈጥሮ ማስቀመጥ ትልቅ በደል ነው። ሁለቱ የሆርሞን ተቀባዮችና ኸር-ቱ፣ ሦስቱም የሌሉባቸው ሴቶች ዋና ተስፋ ኬሞው ነው። በመከፋፈል ላይ ያሉትን ሕዋሳት ስለሚቈጥረው፣ ኪ-67 ስለሚባለው መቶኛ ብዙ አልልም፤ ከምርመራ ቤት ምርመራ ቤት እየተለያየ ሲመጣ አይቻለሁና ብቻውን ሰው ሊያስደነግጥ አይገባም።

ሆርሞን ተቀባይ «የለም» የሚል ወረቀት በሚመጣበት ጊዜ ግን ጠይቁ። ከዕጢው አጠገብ ያለው ጤነኛ የወተት ቧንቧ በተፈጥሮው ተቀባይ ስላለው በዚያው መስተዋት ላይ ቀለሙን መያዝ ይገባዋል፤ እርሱም ካልያዘ «የለም» የተባለው ስለ ካንሰሩ ሳይሆን ስለ ተበላሸው ሥጋ ነው። ያን ጊዜ ከመጀመሪያው የመርፌ ናሙና፣ ፎርማሊን ፈጥኖ ስለሚደርሰው፣ ምርመራውን መድገም ይቻላል። የሰሙ ብሎክ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ ሌላ ሊቅ እንዲያየውም በደብዳቤ ተጠይቆ ይወሰዳል። የወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ይዞ ሁለተኛ አስተያየት መፈለግ ግን የመጀመሪያውን ቃል በሌላ ሰው አፍ ማስደገም ብቻ ነው።

ሐኪሙ አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱ የማይናገረውንም ተናገረ። በጉበት፣ በሳንባ፣ በአጥንት ነገር ይኑር አይኑር የሚያሳዩት ሌሎች ምርመራዎች ናቸው፤ እነርሱ ንጹሕ ከሆኑ መጠኑና ንፍፊቱ ተደምረው ሁለተኛ ደረጃ፣ ከሁለተኛውም ኋለኛው ክፍል ይሆናል። የቀዶ ጥገና፣ የኬሞና የጨረር ሐኪሞች በአንድነት ተሰብስበው ይመክሩበታል፤ ኬሞው ይቀድማል፣ ጨረሩን ይወስናሉ፣ ክኒኑ ከኬሞው በኋላ ነው።

«ስንት ዓመት ነው የምወስደው?»

«አምስት ዓመት፣ ምናልባትም እስከ ዐሥር። በቀን አንድ ጊዜ።»

እናቲቱ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ በጾም ጊዜስ? እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ» አሉ።

«ማታ ከራት በኋላ ይዋጡት፣ እናቴ። ሰዓቱ አይለዋወጥ እንጂ ቀን መሆኑ ግድ አይደለም። በኬሞው ወራት ግን ጾሙን ከንስሓ አባትዎ ጋራ ይነጋገሩበት፤ ያን ጊዜ ምግብና ውኃ ያስፈልግዎታል።»

ልጅቱ «እኔስ ዶክተር?» ስትል፣ ይህ በእናቷ ወረቀት ላይ እንደማይገኝ ነገራት፤ ከመቶ የጡት ካንሰር ከ5 እስከ 10 ያህሉ ብቻ በዘር እንደሚተላለፍ፣ እናቷ ግን ከሃምሳ ዓመት በታች በመያዛቸው የአክስቶቿንና የአያቷን ነገር ጠይቃ በሚቀጥለው ቀጠሮ ጽፋ እንድታመጣ አዘዛት። ልጅቱም ስልኳን አውጥታ በአባቷ ወገን ያሉትንም ልጨምር እንዴ ስትል ጠየቀችው፤ አዎ፣ የሁለቱንም ወገን አላት።